አምስት ከአምስት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ልምምድ ነበር። ከልምምዱ በፊት የጭንቅላት ፈተና። የቡድናችን ነርስ ሲስተር ሸዋርካብሽ አምስት ቃል ታነብልናለች፣ ቆይታ ትጠይቀናለች። መቀስ፣ ዶሮ፣ መስኮት፣ ማር፣ ባቡር። አንድ ቀን ጭንቅላታችንን ብንመታ ከዛሬው ውጤት ጋር ሊነጻጸር ነው። ሁላችንም አምስት ከአምስት። ቃሎቹ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀይረው አያውቁም፤ ያው ወረቀት ፎቶ ኮፒ እየተደረገ ነው። አውቶቡስ ውስጥ እያጨበጨብን እንዘፍነዋለን። ስታቲስቲክስ ተምሬ ይሄን ዝም ብዬ ማየቴ... አብሬ ማጨብጨቤስ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ኳሷን ልይዝ ስወድቅ የአጥቂዋ ጉልበት ጆሮ ግንዴን አገኘው። የቀረውን የቡድን ጓደኛዬ ሠርኬ ናት የነገረችኝ። ተነስቼ፣ ጓንቴን አስተካክዬ፣ ሄጄ የተጋጣሚዎቻችን ጎል ውስጥ ቆምኩ አሉ። በረኛቸው "እህት፣ እዚህ እኔ አለሁ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ፈተና። መቀስ፣ ዶሮ... አምስት ከአምስት። ሲስተር ሸዋርካብሽ "ድናለች" ብላ ፈረመች።

አውቶቡስ ተራ ወርጄ በእግሬ ወደ ቤት። ጭድ ተራ ተወልጄ ያደግኩ ሰው የአባቴን ሱቅ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። በመጨረሻ አንድ ተሸካሚ ጠየቅኩ።

"ጭድ ተራ በየት ነው?"

"የቆምሽበት ነው፣ እህቴ።"

አመስግኜው እዚያው ቁጭ አልኩ። ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ለአሰልጣኝ ጎበዜ ነገርኳቸው።

"አምስት ከአምስት አግኝተሽ የምን ሕመም ነው?"

"ቃሎቹን በቃሌ ስለማውቃቸው ነው።"

"ታዲያ የማስታወስ ችግር የለብሽም ማለት ነዋ።"

ቅዳሜ አልገባም አልኩ። "እንግዲያው ቦታሽን እርሺው" አሉ። ለልጆቹ ደግሞ "ፈርታ ነው" ብለዋቸዋል። ሠርኬን በረኛ አደረጓት። ተከላካይ ናት። እኔ ፈሪ... በተሰበረ ጣት ዘጠና ደቂቃ የቆምኩት?

ዓርብ፣ የካቲት 13

ቡድኑ ካልፈተነኝ ራሴን እፈትናለሁ። ሱቅ ሲቀዘቅዝ አባቴ በየቀኑ አዲስ አምስት ቃል ይሰጠኛል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጠይቀኛል።

"አባ፣ የሱቅ ዕቃ አትጥራብኝ። እሱን ተኝቼም አልረሳው።"

"እሺ። አማት፣ ግመል፣ ጥርስ፣ ቀበሌ፣ ጉም።"

አሥር ደቂቃ። እኔ ሁለት አስታወስኩ። እሱ ሦስት። ከነገ ጀምሮ ደብተር ላይ ይጻፋል።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ሁለት። አሁንም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

አራት። ሠርኬም ዛሬ አራት ጎል ገባባት። ሁለቱ አይገናኙም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

አምስት፤ በተከታታይ አራተኛ ቀን። ሮጥኩ፣ ራሴን አላመመኝም። ሄጄ ያየኝ ሐኪምም ልምምድ ጀምሪ ብሎኛል። ደብተሩን ለሲስተር ሸዋርካብሽ ወሰድኩላት። እያንዳንዷን ገጽ አየች። ሁለት የሚሉት ላይ ቆየች።

"'አማት' ሦስት ቦታ አለ።"

"አባቴ ነው የመረጠው።"

"ቤት ሰላም ነው?"

ደብተሩን እኔ ጋ ተይው አለችኝ። አሰልጣኝ ጎበዜ የሐኪሙን ወረቀት አይተው "ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ በይ" አሉ። ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ሠርኬ ከቋሚው ጋር ተላተመች። ሲስተር ሸዋርካብሽ ደርሳ ወረቀቷን ሳታወጣ ሠርኬ ተኝታ "መቀስ ዶሮ መስኮት ማር ባቡር" ማለት ጀመረች። ማንም አልጠየቃትም። ሲስተር ወረቀቷን አጣጥፋ መለሰች። ደብተሬን አወጣች፣ ሌላ አምስት ቃል አነበበችላት፣ ጠየቀቻት። ሠርኬ አንድ ብቻ መለሰች።

"አምስት ብለሽ ጻፊ" አሉ አሰልጣኝ ጎበዜ።

"አንድ ነው ያለችው" አለች ሲስተር። አንድ ብላ ጻፈች። ሠርኬ ወጣች።

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሱሀይር፣ ግቢ።"

"መጀመሪያ 'ፈርታ ነው' ያሉትን ያንሱ።"

"አሁን?"

"ዳኛዋ ሰዓቷን እያየች ነው።"

አነሱት፣ ቀስ ብለው። ልጆቹ አልሰማንም አሉ። ደገሙት።

ገባሁ። ሁለት ተቆጠረብኝ፣ ተሸነፍን። ከዚያ ሠርኬን ይዤ ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት ወደ ቤቷ። መንገዱን እኔ መራሁ። ሲስተር የመለሰችልኝ ደብተር ላይ አዲስ ገጽ ከፈትኩላት፦ ሠርኬ፣ የመጀመሪያ ቀን። አንድ ከአምስት።