በጫሞ ዳር ይቆሙ የነበሩት አቶ ዳና ሻንካ

«ዳና ስብሰባ ላይ ሲያጨበጭብ ልጁን ለጫሞ ሰጣት።» ይህን ወሬ ያልሰማ የአርባ ምንጭ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ጎረቤታችን ወ/ሮ ሸዋነሽ በቧንቧ ወረፋ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ ተናግረውታል። ዛሬም በለቅሶው መካከል ለማንሾካሾክ እንዳይደክሙ ከሁሉ በፊት ተጽፎላቸዋል። አሁን ደግሞ የቀረውን ያድምጡ።

አቶ ዳና ሻንካ ከአባታቸው ከአቶ ሻንካ ሳዶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቄ ኦይቻ በ1924 ዓ.ም. በጨንቻ፣ በዶኮ ተወለዱ። እንሰት እየኮተኮቱ፣ ከአባታቸው አጠገብ ሸማ እየሠሩ አደጉ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ማንበብ ያስተማሯቸው በአገራቸው የነበሩ አንድ ወንጌላዊ ናቸው። በ1950 ዓ.ም. ወ/ሮ ወርቂቱ ባልቻን አገቡ። በ1956 ዓ.ም. ከሕፃን ልጃቸው ጋር ወደ አርባ ምንጭ ወረዱ። በዚያ ዘመን ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ ዘመዶቹ እንደ ሟች እያለቀሱ ይሸኙት ነበር፤ ወባ ስንቱን ፈጅቷልና። ይባስ ብለው ዓሣ አስጋሪ መሆናቸው ሲሰማ የዶኮ ሰው ተዘባበተባቸው። እዚያ ዓሣን ከምግብ የሚቆጥር አልነበረም።

አቶ ዳና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ በ1954 ዓ.ም. ውቢትን፣ በ1959 ዓ.ም. ጽጌሬዳን። ወንድ ልጅ አልወለዱም። ይህን እንደ ጉድለት የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ እሳቸው እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት ያየ ግን የለም።

ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ውቢት ገና ሕፃን ሳለች ገበያ ላይ ሚዛን አስያዟት። ነጋዴ ሲያመናጭቃት አይገቡላትም፤ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ወ/ሮ ወርቂቱ ልጅቷን ለጅብ ተውካት ብለው ሲቆጡ፣ «ጅቡ እኔ መኖሬን ያውቃል» ብለው ይመልሱ ነበር። ጽጌሬዳም ውሻ ወዳለበት ግቢ ዕቃ መልሳ እንድትመጣ ስትላክ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ የቀበሌ ሱቅ ሠራተኛ የሰጣትን የጎደለ ስኳር ልትከራከር ስትመለስ የምትሰማው ያው አንድ ቃል ነበር፤ «ሂጂ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ።» ደግሞም ይቆሙ ነበር። ዞር ብሎ የፈለጋቸው ልጅ አጥቷቸው አያውቅም።

ውቢት ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ቀዘፋ አስተማሯት። በወደቡ የነበሩት ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣው ቀሚስ አይቶ ይሸሻል እያሉ አፌዙ። አቶ ዳና የመለሱት መልስ እስከ ዛሬ ይነገራል፦ «ዓሣ የሚያየው መረቡን ነው፤ ቀሚስ የምታዩት እናንተ ናችሁ።» በዓመቱ ውቢት ከአፌዙባት ከብዙዎቹ የተሻለች ቀዛፊ ሆነች። በ1970 ዓ.ም. የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም አባቷ እጇን ይዘው ለምዝገባ ወሰዷት። ሴት ትሸጣለች እንጂ አታሰግርም ተብላ ተመለሰች። ሳትመዘገብ ሥራዋን ቀጠለች።

ሚያዝያ 1971 ዓ.ም. ማኅበሩ አባላቱን በሙሉ ለስብሰባ ጠራ። የቀረ እንደሚቀጣ አስቀድሞ ተነገረ። የአቶ ዳና መረብ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነበር፤ በጊዜው ካልተነሣ አዞ ይበጣጥሰዋል። አባል ባለመሆኗ ያልተጠራችው ውቢት ብቻ ነበረች። ብቻዋን እንድትወጣ እንዲፈቅዱላት ጠየቀቻቸው። በዚያ ቀን ቆሜ አያለሁ አላሉም፤ ሊሉ አይችሉም ነበር። «ሂጂ፣ አይዞሽ» ብለዋት ወደ ስብሰባው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ የጫሞ ነፋስ ተነሣ። የአዳራሹ ቆርቆሮ ሲንኳኳ አቶ ዳና ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቁጭ በል ተባሉ። ተቀመጡ። በማግሥቱ ጀልባዋ ተገልብጣ በደንገሉ ውስጥ ተገኘች። ውቢት እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ዘመዶች ለለቅሶ ከዶኮ ወረዱ። አቶ ዳና አስከሬን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም ብለው መለሷቸው። ያልተለቀሰላት ልጅ በቤቱ ላይ ጎሜ፣ የተጣሰ ወግ ርግማን፣ ታመጣለች፣ መዓት ይከተላል ብለው ሽማግሌዎች አስጠነቀቋቸው። እሳቸው ጎሜው ከገባ ቆየ አሉ።

ከዚያ ወዲህ አይዞሽ የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ጀልባቸውን ሸጠው ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የሰው ሙዝ እርሻ ተቀጠሩ። የከሰዓቱ ነፋስ ሲነሣ ግን ሥራቸውን ትተው ጫሞ ዳር ይቆሙ ነበር። ከውሃ የሚመለሱ አስጋሪዎች እሳቸው ወደ ቆሙበት ሲቃረቡ ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር። ቤት ውስጥም ማንም ሳይጠራቸው «አቤት» ብለው ዞር ይላሉ። «ጠራሽኝ?» ብለው ጽጌሬዳን ይጠይቃሉ። መጀመሪያ አካባቢ አልጠራሁም ትል ነበር፤ ኋላ ግን አዎ ማለት ለመደች፤ ውሃ ታቀብላቸውና ይረጋጋሉ።

ጽጌሬዳን ከአምስተኛ ክፍል አስወጧት፤ ትምህርት ቤቷ ከኩልፎ ማዶ ነበርና ወንዙ ሲሞላ የሚሆነውን ማሰብ አልቻሉም። ልጅቷ አኮረፈች፤ እውነቱ መነገር አለበት። ከዚያ ግን ዓሣ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመሠረተ ትምህርት መጻሕፍት፣ ካገኘችው ሁሉ ማንበቧን ቀጠለች። አባቷም ከእርሻው በመጡ ቁጥር የተጣጠፈ ጋዜጣ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ለራሳቸው እንዳመጡት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ረስተው ይሄዱ ነበር። በ1974 ዓ.ም. በግሏ ለስድስተኛ ክፍል ፈተና ስትሄድ ሳይናገሩ ከሩቅ ተከተሏት። ኩልፎን እስክትሻገር ድረስ ዞር ሳትል እንዳላየቻቸው ሆነች። ፈተናውን አለፈች። ይህንን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እሷው ናት፤ ያልተማረች ሰው ጻፈችው የሚል ካለ ስሕተቱን አውጥቶ ያሳይ።

አቶ ዳና ሰው የማይጎዱ፣ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላም በቤታቸው መጸለይ ያልተዉ፣ ጎረቤት ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ወሬውን በጆሯቸው ሰምተዋል። አንድም ቀን አላስተባበሉም፤ ምክንያቱም ያምኑት ነበር።

ከታኅሣሥ 1979 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት በሽታ ታመው በሆስፒታልና በቤታቸው ሲረዱ ቆዩ። በሕመማቸው ወቅት ስለ ራሳቸው የጠየቁት ነገር የለም። የጠየቁት ነፋሱ ተነሥቶ እንደሆነ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ጽጌሬዳን አስጠግተው፣ «ፈርታ ይሆን?» አሏት። የካቲት 9 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ።

አቶ ዳና ባለቤታቸውን ወ/ሮ ወርቂቱን፣ ልጃቸውን ጽጌሬዳን እና በዶኮ ያሉ ወንድማቸውን አቶ ላቀው ሻንካን ትተው ሄደዋል። በሕይወታቸው ቁጭ በል የተባሉትን አባታችንን እግዚአብሔር ተነሥተው በሚቆሙበት ቦታ ይቀበላቸው፤ ለቀረነውም ብርታት ይስጠን።

ይህ ጽሑፍ ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ሣጥኑ ሲዘጋጅ፣ ከአቶ ዳና ጋር በወደቡ ይሠሩ የነበሩት አቶ ፈቃደ ወደ ጓዳ ገብተው ለቤተሰቡ አንድ ነገር ተናገሩ። ጽጌሬዳ ይነበባል አለቻቸው፤ ይነበብ አሉ። ውቢት በጠፋችበት ቀን አቶ ፈቃደ ከስብሰባው ቀርተው ተደብቀው ዓሣ ሲያሰግሩ ነበር። ነፋሱ ከቀላል ግንዶች የታሰረውን ታንኳቸውን በተነው፤ ከዳር ርቀው አንዲት ግንድ አቅፈው ጮኹ። ውቢት ሰምታ በጀልባ መጣችላቸው። እሳቸውን ልትጎትት ስትል ማዕበል ጀልባዋን ገለበጣት። እሳቸው ግንዳቸውን እንደያዙ ደንገሉ ላይ ተጣሉ፤ እሷን ዳግም አላዩዋትም። መጀመሪያ ከስብሰባ በመቅረታቸው እንዳይታሰሩ ፈሩ፤ በኋላ ደግሞ ሴት ልጅ ልታድነው ሞተች እንዳይባሉ አፈሩ። እሷ ዳር ላይ ያወረደችውን ዓሣ ጠያቂ እንዳይመጣ ብለው ወደ ውሃው መልሰው የጣሉት እሳቸው ናቸው። ምክንያቱም፣ ከግንዱ ላይ ሆነው እንዳዩት፣ የአቶ ፈቃደን ጩኸት በሰማችበት ጊዜ ውቢት መረቧን አንሥታ፣ ዓሣዋን አውርዳ፣ ጀልባዋን አስራ፣ ቀሚሷን እየጨመቀች ደረቅ መሬት ላይ ነበረች።