የግማሿ ሱቅ ነገር

ከድርዬ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። ልጃችን ሂክማ ኮሌጅ ገብታለች። እኔም ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ኢዳዬን ጨርሼ ሱቁን ራሴ ከፍቼ እየዋልኩ ነው። ዚፑንና ክሩን የት የት እንደምታስቀምጥ ለመልመድ ወር ፈጀብኝ፤ አሁን ዓይኔን ጨፍኜም አወጣዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ጋሼ ወርቁ ነው። ከጎናችን የነበረው የጫማ ሱቃቸው በእሳት ሲወድም፣ እኔን ሳታማክር ሱቃችንን በቺፕውድ ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ሰጠሃቸው። ሳምንት ሙሉ አኩርፌህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስድስት ዓመታትም ዕቃ ማስቀመጫ ባጣን ቁጥር አነሳብህ ነበር። አንተ ግን አትቆጣም ነበር። "የዱንያ ሱቅ ለማንም አይጸናም፤ እዚያ የሚጠብቀኝ እዚህ የሰጠሁት ነው" ትለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ ነገር ማብረጃ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ ወርቁ የግማሿን ሱቅ ቁልፍ ይዘው መጡ።

"ቃል የሰጠኝ ከድር ነው። እሱ ከሌለ ቦታው ያንቺና የልጅሽ ነው" አሉኝ።

ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው ጎጃም በረንዳ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግተው እንደሚሸጡ ነገሩኝ። በዚያ ዕድሜያቸው! እኔ ግን ስድስት ዓመት የተመኘሁት ቁልፍ ነውና እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። ጫማቸውን በማዳበሪያ መክተት ጀመሩ።

ቁልፉን ይዤ መደርደሪያችን ፊት ቆምኩ። የቀብርህ ቀን ትዝ አለኝ። አጥበው በነጭ ከፈን ሸኙህ፤ ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንዲት የክር ጥቅል እንኳ አብራህ አልወረደችም። ያንን ቀን ጋሼ ወርቁ ሱቃቸውን ዘግተው እስከ መቃብርህ ድረስ በእግራቸው ተከትለውህ ነበር።

ሄጄ ቁልፉን መለስኩላቸው። "ጋሼ፣ ከድር የሰጠውን እኔ አልወስድም፤ ይቀመጡ" አልኳቸው። ዞር ብለው ጫማውን አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሱ። ያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

ለአንተ ብዬ ብቻ እንዳይመስልህ። በወዲያኛው ዓለም፣ አኺራ ላይ፣ እኔንም የሚጠብቀኝ ነገር እንዲኖር ፈለግኩ።

ከየሶላቴ በኋላ ለዱዓ እጄን ስዘረጋ ከራሴ በፊት ያንተን ስም እጠራለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ይህ አይቀርም። አላህ ቀብርህን ያብራልህ። እኔንም ሰዓቴ ሲደርስ፣ ባዶ እጄን ሳልሆን፣ ካንተ ያገናኘኝ።