«አቆሙ» እንጂ «አቁሙ» አላልኩም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለመብሩካ፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚይዝሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? አባባን ሳሉ ለቀቀው? እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ከሞናስቲር ንፋስ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ስልክ ትቼ የምጽፍልሽ ስልኩ ጉድ ስለሠራኝ ነው። ወንድሜ ለምጀድ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ የእሱም እጅ አለበት።

የላክሽልኝን ሲኑጅ፣ ያን ጥቁር አዝሙድ፣ የምሠራበት ላቦራቶሪ ወስጄ ዘይቱን ጨመቅነውና ወንድሜን የያዘው ዓይነት የደም ካንሰር ሴሎች ላይ ጠብ አደረግንበት። እንደ እርሾ ይባዙ የነበሩት ሴሎች በማግስቱ ቀጥ ብለው አገኘናቸው! ሮጬ ደወልኩልሽና «እማዬ፣ በሲኑጅሽ አቆሙ!» አልኩሽ። ማደጋቸውን ማለቴ ነበር። አንቺ ደግሞ በዚያ በሚንጫጫ መስመር «አቁሙ» ብለሽ ሰማሽና የለምጀድን ክኒን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትሽው።

ዓርብ ዕለት «እንዳልሽው አቁመናል፣ አሁን ማር በሲኑጅ ብቻ ነው» ስትይኝ ስልኩን ዘጋሁብሽ። እማዬ፣ ሳህን ላይ ያለ ሴል እኮ ሰው አይደለም፤ ኮምጣጤ ብናፈስበትም ይሞታል። ሲኑጁ ጤነኛውን ሴል ይጉዳ አይጉዳ፣ በአፍ ተውጦ ደም ውስጥ ይድረስ አይድረስ ገና አናውቅም። ለምጀድን እዚህ ያደረሰው ሐኪሟ ያዘዘችው ክኒን ነው። ወዲያው እያለቀስኩ አባባ ጋ ደወልኩ።

እሱ ግን ሳቀብኝ! «አንቺ ልጅ፣ ሲኑጅ ለዳቦ ነው። ግን እናትሽን ማን ደፍሮ ይከራከራታል? ከቴምሩ ፍሬውን አውጥቼ ክኒኑን እከትበታለሁ» አለኝ። ጠዋት ጠዋት «ልጁን በቴምር አሞላቀቅከው» እያልሽ የምትነዘንዢው ያ ቴምር ነው። ካላመንሽ ቁም ሳጥኑን ክፈቺ፤ የክኒኑ ካርቶን ባዶ ነው።

ሰኞ አባባና ለምጀድ ገበያ እንሄዳለን ብለውሽ የወጡት ሆስፒታል ነበር። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አይታ «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» ብላለች። ቀጥሉ! አባባን ቃሉን ደጋግሞ እንዲነግረኝ አደረግኩት። እፎይ አልኩ እማዬ፣ ከዚያ ወዲህ ነው እህል የቀመስኩት።

አባባን አደራ አትቆጪው፣ ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስቴ ነጅያን ሰላም በይልኝ፤ መድኃኒት አገኘች ብላ ለሰፈሩ ማውራቷንም ትተው። ለምጀድን እቅፍ አድርጊልኝ። ሲኑጁን ዳቦው ላይ ነስንሺው፤ ክኒኑን ግን ከእንግዲህ በራስሽ እጅ ስጪው። ደግሞ ስልክ እንዳይበላብኝ ቃሉን አጉልቼ ጽፌልሻለሁ፦

አታቁሙ።

ልጅሽ ዳሊላ
ሞናስቲር፣ ማርች 6 ቀን 2019