ቁጭ በይ እንዳትይኝ

ይድረስ ቢስቲማ ላለሽው፣ ለናፈቅሽኝ እናቴ።

አሰላሙ ዐለይኩም እማየ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ላሟስ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ ብየ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። ደህና አይደለሁም። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ድምፁን ለቀሽ ነው የምታወሪው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እህቴ ፋኢዛ በሩን ዘግታ ታንብብልሽ።

ያኔ ለአክስቴ ለዘይቱና ለቅሶ መጥቼ ቆሜ ዱዓ አድርጌ፣ ቆሜ ውሃ ጠጥቼ ሄድኩ። «ቁጭ በይ እንጂ!» ያላለኝ ሰው የለም። ሰዉ «ደሴ ገብታ ኮራች፣ መደባችንን ተጸየፈች» አለ። እሱስ ይበል። አንቺ ግን ሳትሸኝኝ ቀረሽ፤ እየዞርኩ በሩን አየሁት። ይኸው ሁለት አረፋ አለፈ፣ ናፍቆትሽ ሊገድለኝ ነው።

ወላሂ አልኮራሁም እማየ። መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ከእምብርቴ በታች፣ ዳሌየ ውስጥ የሚያቃጥል ሕመም ካደረብኝ አምስት ዓመት ሆነኝ። የሴት ነገር ነው ብየ አፈርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትይ የለ? በመጨረሻ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እንደ ስኳር በሽታ እየተያዘ የሚኖር እንጂ ተነቅሎ የሚጠፋ አይደለም አለችኝ። መንገድ ግን አልከለከለችኝም። መሐሉ ክፍት የሆነ ትራስ ላይ ተቀመጭ፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ሞልተሽ ሆድሽ ላይ ያዥ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከመኪናው ወርደሽ ተራመጅ፣ ሽንትሽንም አትያዥ አለችኝ።

መኪና ላይ መቀመጥ ለመለማመድ ኮምቦልቻ መመላለስ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ እያለቀስኩ ወረድኩ። በአራተኛው ደረስኩ! ባለታክሲው ሸረፈዲን «እህቴ፣ ኮምቦልቻ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። እናቴ ናት የጠፋችብኝ አልኩት፤ ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ለፊታችን ቅዳሜ እሱው ሊያመጣኝ፣ አቁም ባልኩት ቦታ ሁሉ ሊያቆምልኝ ቃል ገብቷል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልመጣም። ሐኪሟ «ከቤተሰብሽ እንዲህ የሚያማት ሴት አለች?» ብላኝ ነበር። የለችም አልኳት። ቤቴ ገብቼ ነው ያ ወደ ሐይቅ ገበያ የሚወስደን አይሱዙ ትዝ ያለኝ። አባቴ ጋቢና ይይዝልሽ ነበር። አንቺ ለሌላ ሴት ትለቂላትና ከኋላ ትወጫለሽ፤ ሰዉ ሁሉ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አንቺ ብቻ ብረቱን ይዘሽ እስከ ሐይቅ ትቆሚ ነበር። ለምን ስልሽ «ነፋሱን ስለምወደው ነው» ትይኝ ነበር። እኔም አምኜሽ ነበር።

ቅዳሜ በር ላይ ካላገኘሁሽ እችለዋለሁ ብየ አልዋሽሽም። ስገባ ቁጭ በይ እንዳትይኝ፣ በጎኔ ልጋደም። ፍራሹን ሰፋ አድርገሽ አንጥፊው እማየ፣ ለሁለታችን እንዲበቃ። እንግዳ ቢመጣ ፋኢዛ ትመልስልን።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቆመሽ ያሳደግሽኝን እሱ ይክፈልሽ።

ልጅሽ