የዓርብ ጠባቂ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ደምሴ ነው። የሟቹ ባሌ የወንድም ልጅ፣ የመንደራችን ጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ ደምሴ። ላሜ ብትሞት ሌላ ሰው አልጠይቅም።

ከትናንት ጀምራ አታመነዥክም። የግራ ጎኗ ተነፍቷል። ሣር ሳቀርብላት ታሸተውና ፊቷን ታዞራለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም እርጉዝ።

የኮሚቴው ሐሳብ ክፉ አልነበረም። መንደራችን ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ የጣልነውን ሁሉ ጎርፍ ጠርጎ ከታች ካለው ምንጭ ይከተዋል። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ሁሉም ቤት ጥራጊውን አንድ ቦታ ያጠራቅም፣ ለኅዳር ሚካኤል አንድ ላይ ይቃጠል ተባለ። እስከዚያ ከብት እንዳይደርስበት ወንዶቹ በየተራ ሊጠብቁ። ትናንት የደምሴ ተራ ነበር። ዓርብ የገበያ ቀን ነዋ! እሱ ገበያ ወርዷል። ላሜ የጨው ፌስታል ስታኝክ ደረስኩ። ግማሹን ከአፏ ጎትቼ አወጣሁ። ግማሹን ዋጠችው።

ለሰው ብናገረው እርግማን ይሆንብኛል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ነው፤ ቢዘገይም ደግ ሆነ። ወረቀት ወሬ አያዞርም።

እሑድ፣ 8

ከቅዳሴ መልስ ደምሴ መጣ። «እትዬ፣ ጾሙ ሳይገባ ብናርዳት ይሻላል። ከሞተችማ ለጅብ ነው።» ለካ ቅርጫ የሚገቡትንም አስማምቶ ነው የመጣ።

«አንተ፣ ቆሻሻ ጠብቅ ብንልህ ሥጋ ትጠብቃለህ?» አልኩት።

ጎረቤቴ ሙሉ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሳቅሁም። እውነቱን ቢሆንስ?

ሰኞ፣ 9

የኑግ ዘይት አጠጣኋት። ምንም። የዓርቡ ገበያ ካለበት ከተማ ላለው የእንስሳት ሐኪም አስደወልኩ። ነገ እመጣለሁ አለ። ነገን ታያለች?

ቀኑን ሙሉ ሆዷን ስዳስስ ዋልኩ። ጥጃው የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። ወይስ የራሷ ትንፋሽ ይሆን?

ማክሰኞ፣ 10

ሐኪሙ «ካልተቀደደች አትድንም። ብትቀደድም ዋስ አልሆንም» አለ።

«ቅደዳት፣ ልጄ» አልኩ።

ጎኗን በመርፌ አደነዘዘው። ወንዶቹ በገመድ ያዟት፤ ቀንዷን የያዘው ደምሴ ነበር። ሐኪሙ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፌስታል በፌስታል ላይ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የገመድ ቁራጭ። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«ይሄ የአንድ ዓርብ አይደለም» አለ። «ሰነባብቷል።»

ደምሴ ቀንዷን ሊለቅ ምንም አልቀረው። «ሰማችሁ? እኔ ብቻ አይደለሁም!»

ገመድ የያዙት ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ለካ ዓርብ ተራ የደረሰው ሁሉ ገበያ ይወርድ ኖሯል። ለአንድ ሰው የያዝኩትን ቂም አሁን ለስንቱ ላከፋፍለው?

ረቡዕ፣ 11

አልተነሣችም። ስፌቱ ይረጥባል።

ነገ ሚካኤል ነው፤ ክምሩ ሊለኮስ ነው። ጭሱ በቀጥታ በረቴ ይገባል። ወጥቼ «ፌስታሉ ተለቅሞ ይቀበር። ነገ በዓል ነው፣ መሬት አይቆፈርም፤ ዛሬ ቆፍሩ» አልኩ።

አንዱ «እትዬ ደግሞ ጤና ጥበቃ ሆኑ!» ብሎ አሳቀብኝ። ደምሴ ግን ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት። ቀበሩት፤ ድንጋይ ጫኑበት። ለነገ የቀረው ቅጠልና ጭድ ብቻ ነው።

ከበዓሉ በኋላ አዲስ ክምር ይጀመራልና፣ የፊታችንን ዓርብ ማን ይጠብቅ ሲባል አንዱ በሌላው አሳበበ።

«ለእኔ ስጡኝ» አልኩ።

«ሴት ተራ የላትም እኮ፣ እትዬ።»

«ለገበያ ወንድ አላችሁ። ለጥበቃ እኔ አለሁ።»

ዓርብ፣ 13

ጠዋት ቆማ አገኘኋት። ትንሽ ጭድ ቀመሰች፤ ቆይታ አመነዠከች። በረት ውስጥ ብቻዬን እልል ልል ነበር፤ ፈራሁ። የጥጃውን ነገር ሐኪሙም አላወቀም።

ተራዬን ልጠብቅ ክምሩ ቦታ ተቀምጫለሁ፤ ገበያተኛው በፊቴ ያልፋል። ደምሴ አህያውን እየነዳ «እትዬ፣ ምን ላምጣልዎ?» አለኝ።

«ራስህን። የሚቀጥለው ዓርብ ያንተ ነው።»

ሳቀ። እኔ የምሬን ነው። የእኔን ተራ እጠብቃለሁ። በሌላ ሰው ተራ ግን ከእንግዲህ ላሜን አላሰማራም።