ሥዕሉን ያስነሣችሁበት የእናቴ ሳሙና

ይድረስ ለተከበሩ የምርት መለያ ምዝገባና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ ደብዳቤ ከነባልደረቦችዎ በሙሉ ጤንነት፣ ዓይንዎም ሳይደክም እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ የመሥሪያ ቤትዎ ሥራ በዓይን የሚሠራ ነውና።

እኔ ከገበያው መግቢያ አጠገብ ያለችው የፈሳሽ ሳሙና ሱቅ ባለቤት ልጅ ነኝ። ባለቤቷ እናቴ ነበረች። ጉዳዬን በቢሮዎ በኩል ሳይሆን በአደባባይ የጻፍኩበት ምክንያት፣ እናቴ ለማንም እንዳልናገር ያስማለችኝ ነገር በመሥሪያ ቤትዎ ትጋት ቀድሞውኑ በአደባባይ ስለታወቀ፣ እሷም አሁን የሰው ዓይን ከማያሳፍራት ቦታ ስላለች ነው።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር።

እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሳሙና እየበጠበጠች ነው። ድሮ ደንበኛው የራሱን ዕቃ ይዞ ይመጣና ከበርሜል ትቀዳለት ነበር። ሥራው ሲሰፋ ግን ጠርሙስ ከፋብሪካ መግዛት ጀመርን፤ ጠርሙሱም ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ፈሳሹም አንድ ዓይነት ሆነ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር፣ የሌብል ማዘጋጃ ፕሮግራምና ትንሽ ማተሚያ ገዛሁ። ሱቁን ዘግተን አጠገቤ ተቀመጠችና ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መረጠች። ለእጅ ሳሙናው ሁለት እጆች፣ ለዕቃ ማጠቢያው ሳህን፣ ለወለሉ መጥረጊያ፣ ለበረኪናው በገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ሸሚዝ። «ጽሑፉን ለሌላው ሰው አድርጊው፤ ሥዕሉ የኔ ነው» አለችኝ። ከማተሚያው የወጣውን የመጀመሪያ ወረቀት ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ እንደ እሷ ፈጣን ሻጭ በሰፈሩ አልነበረም። እንዲያውም አንዳንዴ ጠርሙሱን ለደንበኛው ወደ ላይ ታነሣና የምታነብ መስላ በጣቷ ፊደሎቹን ትከተላቸዋለች። እኔ ከጓዳ ሆኜ እስቅ ነበር። እሷም እንደምስቅ ታውቃለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. አዲሱን የመለያ ማዘጋጃ ፕሮግራም፣ በሌላ እንዳናትም ከሚያዝ መመሪያ ጋር፣ ያለ ክፍያ ስላደላችሁን እጅግ አመሰግናለሁ። በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል፣ ሁሉም በልኩና በቦታው የተቀመጠበት፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ሥዕል ላስገባበት ስሞክር ፕሮግራሙ በትሕትና ከለከለኝ። የላካችሁልን መመሪያ ሥዕልን «የሸማቹን ትኩረት የሚከፋፍል ጌጥ» ይለዋል። የእናቴ ዓይን ጌጥ እንደነበር ከመመሪያችሁ ተማርኩ።

2ኛ. ሥዕሎቹ እንዲቆዩልን ላቀረብኩት ማመልከቻ የሰጣችሁኝ መልስ በጨዋነቱ ተወዳዳሪ የለውም። ምክንያቴን ጠየቃችሁኝ። እውነቱን እንዳልጽፍ ምያለሁ፤ ስለዚህ «ለውበት» ብዬ ጻፍኩ። እናንተም ውበት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ገለጻችሁልኝ። ልክ ነበራችሁ፤ ምክንያቱ ውበት አልነበረም።

ሌላ መላ ሳጣ በየጠርሙሱ አንገት ላይ ባለ ቀለም ክር አሰርኩላት፤ ለእጁ ቢጫ፣ ለበረኪናው ቀይ፣ እንዲህ እያልኩ። እናቴ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተደናገረች፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እጇ በመደርደሪያው ላይ ሲያመነታ አየሁ። ቀስ በቀስ ለመደችው። ተቆጣጣሪያችሁ የመጣው ልክ ስትለምደው ነው።

3ኛ. ስለ ተቆጣጣሪው አመሰግናለሁ፤ ይህን ስል እንኳ አላሽሟጥጥም፤ ትሑት ወጣት ነው። ረፋዱ ላይ ነው፣ ሱቁ በሰው ተሞልቷል፤ እኔ ጓዳ ውስጥ ጠርሙስ እሞላለሁ። ክሮቹን አየና ከተፈቀደው መለያ ውጭ የተጨመረ ነገር መሆኑን አስረዳት፤ ከባንኮኒው ላይ መቀስ አንሥቶም እሷን ላለማድከም ራሱ ቆረጣቸው። እናቴ በክሩ እንደምትለያቸው ነገረችው። እሱም ሊያግዛት ብሎ አንዱን ጠርሙስ ወደ ፊቷ አዞረላት።

«እማማ፣ ክሩ ምን ያደርግልዎታል? ሁሉም እዚህ ተጽፏል እኮ። እስቲ ያንብቡት።»

ድምፁን ሰምቼ ስወጣ እናቴ ጠርሙሱን እያየች ነበር። «መነጽሬን ቤት ረስቼው መጣሁ፣ ልጄ» አለችው።

እናቴ መነጽር ኖሯት አያውቅም።

ተራ የምትጠብቅ አንዲት የረጅም ጊዜ ደንበኛችን፣ ልበ ቅን ልብስ ሰፊ፣ የራሷን መነጽር አውልቃ «በኔ ሞክሪው» ብላ ዘረጋችላት። እናቴ ተቀበለቻት። አደረገችው። ጠርሙሱን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ ደግሞ አራቀችው። ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ገባትና አንገቷን ደፋች። ከዚያ የሁሉም ዓይን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የወጣቱም ጭምር። እናቴ መነጽሩን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ አመስግና መለሰችው፣ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ቀን በኋላ ባንኮኒው ፊት አልቆመችም።

ያን ዕለት ማታ ቤት እንደገባን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ መመሪያው፣ ስለ ክሩ፣ ስለ እናንተ ምንም አላለችም። «ሌላው ይቅር፤ መነጽሩን ባላደርገው ምን ነበረበት» አለች። ይህንኑ በየቀኑ ትለው ነበር፤ ምግብ ሳቀርብላት፣ ልብስ ስታጥፍ፣ አንዳንዴም ከምንም ተነሥታ። ፊደል ላስተምራት ብዬ አጠገቧ ብቀመጥ ደክሞኛል ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቃት ስትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች መሰለች። ሴትየዋ እግርጌዋ ተቀምጣ ስታለቅስ እሰማለሁ፤ እናቴም እንደምትሰማ ከትንፋሿ ገባኝ።

ክረምቱን አልጨረሰችም። ሐኪሙ ልብ ነው አለን። እኔም ከሐኪሙ ጋር እስማማለሁ።

4ኛ. ገና ለቀስተኛ ሳይወጣ በእናቴ ስም የደረሰን የምስክር ወረቀት በመለያ አጠቃቀም አርአያ የሆነች ነጋዴ ይላታል። ወንድሜ ሊቀደው ነበር፤ እኔ ከለከልኩት። በሚታይ ቦታ ይሰቀል ስለሚል ሰቀልኩት። ፊደሉ ጉልህ ነው፣ ሥዕል የለበትም።

5ኛ ብዬ የምጽፈው አላጣሁም፤ ግን በቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሱቁን መልሼ በከፈትኩ ሰሞን፣ ከፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ዘበኛ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ የእጅ ሳሙና ከእናቴ እየገዛ ነው ያረጀው። ሌሎቹ እስኪወጡ ጥግ ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእጁ የቱ ነው?» አለኝ። አንሥቼ ሰጠሁት። ጠርሙሱን እያገላበጠ ቆየ።

«እኔም እንደ እናትሽ ነኝ» አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ከእሷ ስገዛ እንደኔ መሆኗን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ብቻዋን አትቆምም ነበር።»

እሱ ከሄደ በኋላ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። እዚያው ሰፈር፣ መንገዱን ብቻ ተሻግሮ፣ አብሯት ሊያፍር የሚችል አንድ ሰው ነበራት፤ ሳታውቀው ሄደች።

ክቡርነትዎን ብዙ አደከምኩ። ለመሥሪያ ቤትዎ ከዚህ የበለጠ ጥራት፣ ለፊደሎቻችሁ ከዚህ የበለጠ ድምቀት፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የአርአያዋ ነጋዴ ልጅ

ማስታወሻ፦ መልስ ለመስጠት ፈቃድዎ ከሆነ እባክዎ በጽሑፍ አይላኩልን። ሱቁ ድረስ ይምጡና ጮክ ብለው ይንገሩን። ዘበኛውን እጠራዋለሁ፤ ከእሱ ጋር አብረው ሊሰሙ የሚመጡት ስንት እንደሆኑ እርስዎም እኔም ያን ጊዜ እናያለን።