መቶ ሺህ ሦስትን የሚያካፍል ጠፋ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ቆሞ ማስተማሩን ቻለልሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አማትሽ፣ ቤቱ በሙሉ ደህና ነው? እኔ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየኝም። ከወገቤ በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ እሱም ቢሆን የአናጢ ወገብ ነው፣ ካላጉረመረመ አይውልም።

ዛሬ የሚያስቅሽን ነገር ነው የምጽፍልሽ። እዚህ ሥራ ቤታችን የሶፋ ልብስ የምትሰፋ ሴት አለች፤ እንደኔው የትዳር ጓደኛዋን የቀበረች። እሁድ ምሳ እንድመጣ ከጋበዘችኝ ሰነበተ፤ እኔም "ሌላ ጊዜ" እያልኩ እሸሻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው ማዕድ መቅረብ ይከብደኛል። ሰው ምን ይለኛል ማለቴም አልቀረም።

ታዲያ በቀደም ጉረኛው ሾፌራችን ጣውላ እያራገፈ "ጋሼ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር የኔን መኪና ታርጋ ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር አልተፈጠረም!" አለኝ። ታርጋው 100003 ነው። "ይሄን የሚያህል ቁጥር አካፋይ አጥቶ? እንዴት ተደርጎ!" አልኩት። "እንግዲያው ካገኙ ስለ ግብዣው ዳግም አናነሳም፤ ካጡ ግን እሁድ ምሳ ይሄዳሉ" ብሎ ድርቅ አለ። ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች "እኔ የለሁበትም" አለች። ውርርድ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ገንዘብ የለበትም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ከእራት በኋላ በኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ ማካፈል ጀመርኩ። ለሁለት ባካፍል አንድ ቀረ፣ ለሦስት አንድ፣ ለሰባትም አንድ። ድሮ ያስተማርሽኝ በጀኝ፦ መሞከር ያለብኝ ራሳቸው በሌላ በማይካፈሉት፣ ብቸኛ ቁጥሮች በምትያቸው ብቻ ነው፤ ድርሻው ከአካፋዩ ሲያንስ ደግሞ ማቆም ነው፤ ከዚያ ወዲያ አካፋይ ቢኖር አብሮት የሚባዛው ትንሹ ጓደኛው ቀድሞ በተገኘ ነበር።

ሁለት መቶን ሳልፍ በራሴ አንድ ነገር ታዘብኩ። መጀመሪያ "ጌታዬ፣ አንድ አካፋይ አታሳጣኝ" ብዬ ስለምን የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን እርሳሱን ባነሳሁ ቁጥር "ምነው ባልተካፈለ" እያልኩ ልቤ ድው ድው ይላል። ለካ እስከዛሬ ስሸሽ የኖርኩት ከምሳው ሳይሆን ከገዛ ልቤ ኖሯል። የባለቤቴን ፎቶ ቀና ብዬ አየሁና አፈርኩ፤ የተቆጣች ግን አልመሰለኝም። በ313 ሳካፍል 156 ቀረ። በ317 ደግሞ ድርሻው 315 ሆነ፤ አነሰ፤ አበቃ። አካፋይ የለውም! ተነሥቼ አመሰገንኩ።

እሁድ ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። በምሳው መሀል ሴትየዋ ፍርጥ አደረገችው፦ "ቁጥሩ አካፋይ እንደሌለው ልጄ በኮምፒውተር አስቀድማ አይታ ነበር። ሾፌሩን የላክሁብዎት እኔ ነኝ።" "ተሳስቼ አገኘሁ ብዬ ብመጣስ?" ብላት፣ "እንደገና ያስሉት እልዎት ነበራ!" አለች። ውኃ ትን እስኪለኝ ሳቅኩ። ለመጪውም እሁድ ጠርታኛለች፤ አሁንስ ቁጥርም አላስፈለገ።

ለባለቤትሽ፣ የላከልኝ መጋዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን በርታ በይው፤ ትንሿን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽም በጸሎታቸው ያስቡኝ፤ ስለምን እንደሆነ ግን ቀስ ብለሽ አንቺው ንገሪያቸው።

ወንድምሽ አናጢው
ከሥራ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን